የአሮጌ መኪና ጉሮሮ

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ከአውበሬ ወደ ጅጅጋ የተሳፈርኩባት ፒክአፕ ከሾፌሯ በዕድሜ ትበልጥ ነበር። ቶዮታ ላንድክሩዘር ነች፤ ኤፍጄ 45 የሚሏት ዓይነት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቤንዚን እንደ ውሃ የምትጠጣ። ከኋላ ፍየልም፣ ጆንያም፣ ሰውም ጭናለች። ጋቢናው ውስጥ ሾፌሩ፣ እኔ፣ አንዲት እናትና እቅፏ ላይ የተኛ ሕፃን ልጇ ነበርን። መሽቷል። የጅጅጋን ሜዳ በጥር ሌሊት የማያውቅ ሰው፣ ሶማሌ ክልል ሲሉት ሙቀት ብቻ ይመስለዋል። ኧረ ወዲያ! ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ነው፤ ንፋሱ ሲነሳ ጋቢ ያስመኛል። አቧራውም አለ። ስለዚህ መስኮቱን ጥርቅም አድርገን ዘጋነው።

ከሞተሩ በኩል «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ይፈጥናል፣ ሲለቅ ይዘገያል።

«ምንድን ናት ይቺ ድምፅ?» አልኩት።

«ጉሮሮዋ ነው አዴር። አርጅታ የለ? ትስላለች» ብሎ ሳቀ። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ሽበቴን አይቶ ነው። እኔም ሳቅሁ።

ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። ድካም መሰለኝ። ቀጥሎ ሴትየዋን አቅለሸለሻት፤ መኪናዋ ቆመች፤ በሩን ከፍታ አስመለሳት። ሕፃኑን ተቀበልኳት። ብነካው፣ ብወዘውዘው አይነቃም። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሁላችንም ወርደን ሜዳው ላይ ቆምን፤ ሾፌሩ ልጁን ከእጄ ነጥቆ ፊቱን ወደ ንፋሱ አዞረው። ስንት ደቂቃ እንደቆምን አላውቅም። በመጨረሻ አለቀሰ። የልጅ ለቅሶ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የቀረውን መንገድ መስኮት ከፍተን፣ አቧራ እየቃምን፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ጅጅጋ ገባን።

ደጋ ያደገ ሰው ይኼን ገዳይ ያውቀዋል፤ «ከሰል አፈናቸው» ብሎ ነው የሚጠራው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ጉልበት ይዞ አልለቅም ይላል። አሮጌ የቤንዚን ሞተር፣ በተለይ ካርቡራተር ያለው፣ ይኼን ጋዝ በብዛት ያወጣል። ጭሱን ከስድስቱ ሲሊንደር ሰብስቦ ወደ ማርሚታው የሚሰደው ብረት፣ ማለትም ማኒፎልዱ፣ ከተሰነጠቀ ጭሱ እስከ ኋላ ድረስ አይደክምም። በፔዳሉና በመሪው ዘንግ ቀዳዳ አድርጎ እግር ሥር ይገባል። «ጠቅ ጠቅ» የምትለው እሷው ነች።

እንግዲህ ስለ አንድ ቁራጭ ብረት ልጽፍ ነው። ብረቱ ግን እዚህ አገር እንዴት እንደመጣ ሳይነገር፣ ምን ዓይነቱ እንደሚበጅ ማውራት ከመሃል መጀመር ይሆናል።

በዚህ ምድር መኪና በብዛት የታየው በጦርነት ነው። ጄኔራል ግራዚያኒ በ1928 ዓ.ም. ከደቡብ በኦጋዴን በኩል ሲመጣ፣ ከአሜሪካ ጭምር በተገዙ የጭነት መኪናዎች ተማምኖ ነበር። ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል በቱርካዊው ጄኔራል በወሂብ ፓሻ ምክር ሳሳበነህ ላይ ያስቆፈሩት ምሽግ ሚያዝያ ላይ ተሰበረ፤ ጅጅጋ ተያዘች፤ ሚያዝያ 30 ሐረር ተከተለች። በ1932 ክረምት ያው ጣልያን ወደ ሐርጌሳና በርበራ ዘልቆ እንግሊዝን ከሶማሊላንድ አስወጣ። ዓመት ሳይሞላ እንግሊዞች ተመለሱ። የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር ከሞቃዲሾ ተነስቶ፣ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል በ17 ቀን አቋርጦ፣ መጋቢት 8 ቀን 1933 ጅጅጋ ገባ። በዋዜማው በርበራ ከባሕር በኩል ተይዛ ስለነበር፣ ሞቃዲሾን ያህል ርቀት ይጓዝ የነበረው ቤንዚንና ስንቅ መንገዱ አጠረለት። ከበርበራ በሐርጌሳ፣ በቶጎ ውጫሌ አድርጎ ጅጅጋ የሚደርሰው መስመር ከዚያ ወዲህ ጦርም ንግድም አልተለየውም።

ጣልያን ሲሄድ ቃላቱን ጥሎልን ሄደ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ብሎን፣ ዳዶ... ማርሚታም የእሱ ነው፤ በአገሩ መጀመሪያ ትልቅ ድስት ማለት ነበር። ጅጅጋ ላይ ግን ሌላ ወግ ይጨመራል። እኛ ባቡር ስንል ሐዲድ ላይ የሚሄደው ነው፤ ጋሪ ስንል ፈረስ የሚጎትተው። ለሶማሌው ሁለቱም መኪና ናቸው። አንዱ በእንፋሎት ከሚሄደው የፈረንጅ መርከብና ባቡር ስም የተወሰደ ነው፣ ሌላው ከህንድ በባሕር የመጣ። መጀመሪያ ሄጄ «ጋሪህ የት ቆመ?» ስባል ፈረስ ፍለጋ ዙሪያዬን አይቻለሁ።

ከዚያ የ1970ው ጦርነት መጣ። ጅጅጋ በመስከረም መጀመሪያ በሶማሊያ ጦር ተያዘች፤ የካቲት 26 ቀን ከካራማራ ጋር ተመልሳ ተያዘች። የተቃጠለ ብረት የተትረፈረፈበት ዘመን ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1980 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላን ሳይቀር ሲደበድብ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻገረ። ሐርትሼክ ላይ የተከፈተው ካምፕ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ ሆኖ ነበር። ውሃ በሌለበት ሜዳ ላይ ስለሰፈረ፣ ውሃው ከጅጅጋ በኩል በቦቴ ይመላለስ ነበር። ካምፑ በ1996 ዓ.ም. መጨረሻ ተዘጋ። በመሃሉ ግን ሐርትሼክ ገበያ ሆናለች፤ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ «የሐርትሼክ ዕቃ» ያልገዛ፣ ወይም ገዝቶ ኬላ ላይ ያልተቀማ፣ የምሥራቅ ተጓዥ ካለ ይንገረኝ።

ያን ሁሉ ጨርቅ፣ ቴፕና ስኳር፣ በኋላም ወደ ሐርጌሳ የሚከንፈውን ጫት የተሸከመችው ፒክአፕ ነች። ቶዮታ የላንድክሩዘርን ቅድመ አያት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ አስወጥቶ አስመስክሯል። የ2ኤፍ ሞተሩ ዘር ደግሞ አሜሪካዊ ነው፤ በሸቭሮሌ ሞተር አምሳል የተሠራው የኤፍ ልጅ። ሶማሌዎች ለአንድ ዓይነት ቶዮታ «አብዲ ቢሌ» የሚል ስም አውጥተዋል። አብዲ ቢሌ እ.ኤ.አ. በ1987 ሮም ላይ በ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሯጭ ነው። እኛ ኃይሌም ቀነኒሳም እያሉን አንድ መኪና እንኳ በስማቸው አለመጥራታችን ይገርመኛል።

ለምን ቤንዚን? ለሚል ሰው፣ ነዳጅ ርካሽ የነበረባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤንዚን ይመርጡ ነበር፤ እነሱ የጠገቧት መኪና ደግሞ በበርበራ በኩል ትመጣለች። የእኛዋ ፒክአፕም በዚያው የመጣች ነች ይላል ሾፌሩ። አባቱ ነድተዋታል። ሌላ መግዛት ደግሞ ዛሬ ቀላል አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ በሐምሌ መጨረሻም የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ያለችውን አሮጌ መኪና ማስታመም የብዙ ቤተሰብ ዕጣ ሆኗል።

በማግሥቱ ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ የድሬዳዋ ልጅ ናቸው፤ በአማርኛ ተቆጥተው፣ በሶማልኛ ቀልደው፣ በኦሮምኛ ሂሳብ የሚጠይቁ ሽማግሌ። ማኒፎልዱን ፈተው ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት። ሦስት ቦታ ተበይዷል፤ ስንጥቁ ከሦስቱም ጎን አዲስ መንገድ አበጅቷል። ቀጥ ያለ ብረት ከላይ ሲያስቀምጡበት በመሃሉ ብርሃን አለፈ። ጎብጧል።

«ይኼ በፎርማ የፈሰሰ ብረት ነው» አሉን። «ካርቦን ይበዛዋል። በተራ ኤሌክትሮድ ስትበይደው ያኔውኑ ይታረቅሃል፣ ሲቀዘቅዝ ይከዳሃል። መጀመሪያ ማጋል፣ ኒኬል ባለው ኤሌክትሮድ ትንሽ ትንሽ እያሉ መበየድ፣ ከዚያ አመድ ወይም አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው ነበር። ማን ታግሶ?»

«እሺ ጋሼ፣ አሁን ምን ይሻላል?» አለ ሾፌሩ።

የመጀመሪያው መልስ ሌላ አሮጌ፣ ያልጎበጠ ማኒፎልድ መፈለግ ነበር። እኔም እስማማለሁ። ፋብሪካው የሰጠው የፈሰሰ ብረት ወፍራም ነው፣ ድምፅ ይውጣል፣ ሰው ካልበደለው አርባ ዓመት ይኖራል። ፊቱ በማሽን ቢታረስ ብቻ፣ ያውም ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ጋር አንድ ላይ ታስሮ ቢታረስ፣ እንደ አዲስ ይገጥማል። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። የስሙ ነገር ይግረማችሁና፣ የጅጅጋ መኪና ዕቃ የሚፈለገው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው። ሁለት ቀን ዞርኩ። አንድ ሱቅ ውስጥ ጥቁር ቀለም የተቀባ የ2ኤፍ ማኒፎልድ አገኘሁ። ዋጋ ልከራከር ስል ባለሱቁ ራሱ በቁልፍ ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አደረገና፣ «ለሩቅ መንገድ ከሆነ አትውሰደው፤ እዚህ ጋ ተበይዷል» አለኝ። ሶማሌ ተራን የሚያሙ ሁሉ ይኼን ይስሙልኝ።

ስለዚህ ከቱቦ ወደሚሠራው፣ ሄደር ወደሚሉት አመራን። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቱቦ አለው፤ ቱቦዎቹ ታች ይገናኛሉ። የሾፌሩ የእህት ልጅ ሚኒያፖሊስ ነው የሚኖረው፤ የሁለት ዓይነት ሄደር ፎቶ ላከ። አንዱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ የማይዝግ ብረት፣ ሌላው ግራጫ የሴራሚክ ቅብ ያለው ተራ ብረት። ልጁ የመጀመሪያውን ወዷል። «የፈረስ ጉልበት ይጨምራል፣ ዕድሜ ልክ አይዝግም» ብሎ ጽፏል።

የፈረስ ጉልበቱን ነገር እንተወው። 2ኤፍ 4.2 ሊትር ሆኖ ቀስ ብሎ የሚዞር፣ ጭነት ለመጎተት የተሠራ ሞተር ነው፤ ሄደር ስለገባለት የሩጫ መኪና አይሆንም። ናፍጣ የምትጠጣዋ፣ ቱርቦ የሌላት 1ኤችዜድ ብትሆን ኖሮ ጭራሽ አትንኩት እል ነበር። ለእኛ ጥያቄው አንድ ነው፦ የትኛው ነው ሳይሰነጠቅ የሚቆየው፣ ቢሰነጠቅስ የትኛው ነው ጅጅጋ ላይ የሚዳነው?

መካኒኩ ፎቶውን በመነጽራቸው ጠጋ ብለው አዩና ስለ ብልጭልጩ ምንም አላሉም። «ውፍረቱ ስንት ነው?» አሉ። ልጁ ጠይቆ መለሰ፤ የሚያብለጨልጨው 1.2 ሚሊ ሜትር፣ ግራጫው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። «ሞተሩ ላይ የሚታሰረው ላሜራስ?» አንዱ 6፣ ሌላው 10 ሚሊ ሜትር ያህል። ሽማግሌው ስልኩን መለሱለት።

የላሜራው ነገር ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነውና። በዚህ ሞተር ላይ አየር ማስገቢያውና ጭስ ማውጫው በአንድ ጎን ናቸው፤ በአንድ ጉዋርኒሲዮን ላይ ያርፋሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ጨብጦ የሚይዘው ደግሞ አንድ ሮንዴላና አንድ ዳዶ ነው። የአዲሱ ሄደር ላሜራ ከአየር ማስገቢያው ከንፈር ከቀጠነ ሮንዴላው ያዘነብላል፤ አንዱን አጥብቆ ሌላውን ያላላል። ብታጠብቀው፣ ብታጠብቀው ያፈሳል። ያ ማለት ደግሞ ተመልሰን ሕፃኑ እናቱ እቅፍ ላይ ወደማይነቃበት ሌሊት ሄድን ማለት ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በመለኪያ ውፍረቱን ማወቅ፣ ልዩነት ካለ ተርነሪ ቤት ወስዶ ማስተካከል ግድ ነው።

የማይዝገው ብረት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። 304 የሚባለው ዓይነት 18 በመቶ ያህል ክሮምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው፤ የበርበራ ዓይነት ጨዋማ አየር ያለበት ቦታ ለሚውል መኪና፣ ወፍራም ከሆነ፣ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ግን ሲሞቅ ከተራው ብረት የበለጠ ይለጠጣል። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ፣ ተራው 3.6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲረዝም የማይዝገው 5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ይኼ ልዩነት ቀጭን ቱቦ ላይ፣ በኮረኮንች እየተናጠ፣ ብየዳው ላይ ነው የሚያርፈው። ሲሰነጠቅ ደግሞ በአርጎን፣ በትክክለኛው ሽቦ፣ በሠለጠነ እጅ ካልተበየደ ተመልሶ ይተረተራል። ተራው ብረት ሲሰነጠቅ አውበሬም ሆነ ደርወናጂ፣ ጄኔሬተርና ኤሌክትሮድ ያለው ልጅ ያድነዋል። ቅቡ በተበየደበት ቦታ ይቃጠላል፤ ይቃጠል።

የሚኒያፖሊሱ ልጅ በድምፅ መልእክት ተከራከረ። «አቡቲ» አለ፤ የእናት ወንድም ማለቱ ነው፣ «ርካሹን ስልክልህ ሰው ምን ይለኛል?» ሾፌሩ ሳቀና፣ «መኪናዋን ሠርግ ልወስዳት ነው እንዴ?» አለው። ግራጫው እንዲላክ ተወሰነ።

ከመዘጋቱ በፊት መካኒኩ ሁለት ነገር አስጠየቁ። ቱቦዎቹ ታች እንዴት ነው የሚገናኙት? ስድስቱም አንድ ቦታ ከሆነ አልፈልግም አሉ፤ የፊት ሦስቱ ለብቻ፣ የኋላ ሦስቱ ለብቻ ተሰብስበው በኋላ አንድ መሆን አለባቸው። ሞተሩ የሚተኩሰው 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 እያለ፣ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እየተፈራረቀ ስለሆነ ጭሱ አይጋፋም። ሁለተኛው፣ መሪው በግራ ላለ ነው ወይስ በቀኝ? በሐርጌሳ መንገዱ የቀኝ ሆኖ መሪያቸው በቀኝ የሆኑ መኪናዎች ሞልተዋል፤ ቱቦው የመሪውን ዘንግ ከነካ ሄደሩ ለዚያች መኪና አልተፈጠረም ማለት ነው።

ዕቃው የደረሰው ከወራት በኋላ ነው። ሲገጠም ቆሜ አየሁ። ሾፌሩ ሙቀት መከላከያ ጨርቅ ልጠምጥምበት ብሎ ገዝቶ መጥቶ ነበር፤ ሽማግሌው ከለከሉት። ጨርቁ እርጥበት ይዞ ተራ ብረትን ከውስጥ ያስበላል። ድሮ ስለሚጠመጠመው የአስቤስቶስ ገመድ ሲያነሳማ፣ «ሳንባህን ትጠላዋለህ?» ብለው ተቆጡ። ዳዶዎቹን የነሐስ አደረጉ፣ ከግለት ጋር እንዳይጣበቁ። ወደ ማርሚታው የሚወርደውን ቱቦ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ አስገቡበት፤ ከካምቢዮው ጋርም ደገፉት። ሞተሩ ሲወዛወዝ የማርሚታው ክብደት ሁሉ ሄደሩ ላይ እንዳይንጠለጠል ነው።

ከዚያ ሞተሩን አስነስተው የጭስ ማውጫውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ አፈን አደረጉ፣ እኛን ዝም አስባሉን፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። የሚያፏጭ ነገር የለም። «አውበሬ ደርሰህ ስትመለስ፣ በርዶ ሳለ፣ ዳዶውን ሁሉ እንደገና አጠብቃለሁ። ካልመጣህ አላውቅህም» አሉት።

ሳንካ አልጠፋም። የድሮው ማኒፎልድ የአየር ማስገቢያውን ሆድ ያሞቅ ነበር፤ ሄደሩ ያን አያደርግም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ትንተባተባለች፤ ሾፌሩ እስክትሞቅ ሻይ ይጠጣል። ድምፅዋም ወፍሯል። ዳዶውን ግን ሄዶ አስጠብቋል፤ ጠይቄዋለሁ።

ባለፈው ስሄድ እንደገና በእሷ ተሳፈርኩ፤ ያው መንገድ፣ ያው ብርድ። «ጠቅ ጠቅ» የለም። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ አየኝ፣ ምንም አላለም፤ የራሱንም ዝቅ አደረገው።